የሠርግ ዋዜማ እራት በወሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዋናው ድግስ በፊት ሁለቱን ወገን በአንድ ገበታ የሚያገናኝ አነስ ያለና ያማረ እራት ለማዘጋጀት የሚያስቡ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅና የወልድያ ቤተሰቦች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። በዘመዶቼ ሠርግ ላይ ከወጥ ቤትም ከእንግዳ መቀበያም ሆኜ ካየሁት በመነሣት መልሶቹን እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ።

«የዋዜማ እራት» ምንድን ነው? የውጭ ልማድ አይደለም ወይ?

አሠራሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቻቸውና ወላጆቻቸው በሠርጉ ዋዜማ ሥርዓቱ በሚፈጸምበት ቦታ ተገኝተው ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባና ማን የት እንደሚቆም ይለማመዳሉ፤ ከልምምዱም በኋላ፣ በቆየው ልማድ በሙሽራው ወላጆች ወጪ፣ አብረው እራት ይበላሉ። እኛ ዘንድ ግን ዋዜማ ሥራ የሌለበት ሌሊት አይደለም። በሙሽራዋ ቤት እንሶስላ ወይም ሒና ይታሰራል፣ ከበሮ ይመታል፤ ጓሮ ደግሞ ወጥ ሠሪዎች ሽንኩርት ሲያቁላሉ ያድራሉ። ስለዚህ ልማዱን እንዳለ አምጥቶ ቅዳሜ ማታ ላይ መጫን ደጋሹን ማስጨነቅ ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ ግን ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ለሽምግልና የሚገናኙት ጥቂት አዛውንቶች ናቸው፤ በሠርጉ ዕለት ሁሉም ይጣደፋል፤ መልሱና ቅልቅሉ ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ደክሟል። የሙሽራው እናትና የሙሽራዋ እናት ከዳሱ ግርግር ውጭ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል የሚያወጉበት ጊዜ በመካከሉ አይገኝም። እራቱ የሚዘጋጀው ለዚህ ጨዋታ ነው፤ ጌጡም ምግቡም ይህን እንዲያግዝ ተደርጎ መታሰብ አለበት።

በየትኛው ቀን ቢደረግ ይሻላል?

ሠርጉ እሑድ ከሆነ ሐሙስ ማታ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ለኦርቶዶክሱ ጾም ናቸው፤ ዓርብ ለሙስሊሙ የጁምዓ ቀን ነው፤ ቅዳሜ የባለ ድግሱ ቤት የሥራ ቀን ነው። በተለይ ሙሽሮቹ በተክሊልና በቁርባን የሚጋቡ ከሆነ የቅዳሜ እራት ፈጽሞ አይሆንም። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማልና እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርቡ ሙሽሮች ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ አይቀምሱም፤ በራሳቸው እራት ላይ አፋቸውን ይዘው ሊቀመጡ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ማታ በብዙ የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የጁምዓ ሌሊት በመሆኑ ዱዓ ወይም ሐድራ (የጋራ የጸሎት ስብሰባ) ያላቸው አባቶች ይኖራሉና ቀኑን ከመቁረጥ በፊት እነርሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሠርግ በሚበዛባቸው በጥርና በሚያዝያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥሪው ለ1 ሰዓት ከሆነ ሙስሊም ዕድምተኛ መግሪብን በቤቱ ወይም በመስጊድ ሰግዶ በእርጋታ ይመጣል። ለዒሻእ የሚሆን ንጹሕ ክፍልና የመስገጃ ምንጣፍ አስቀድሞ ማዘጋጀት ደግሞ እንግዳን ከማክበር ይቆጠራል፤ እንግዳው የቂብላውን አቅጣጫ ራሱ ጠይቆ እስኪረዳም መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

የሁለቱን ሃይማኖት አጽዋማት እንዴት እናስታርቃለን?

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የኦርቶዶክስ ሠርግ አይደረግም። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ወቅቱን ይቀያይራል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሰሞን በመግባታቸው ደጋሾች ቀን ለመምረጥ ተመችቷቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ረመዳን ወደ ጥር እየተጠጋ ነው። ስለዚህ የጥር ሠርግ የሚያስብ ሰው የሁለቱንም ቀን መቁጠሪያ አብሮ ቢያይ ይበጀዋል።

እነማን ይጠሩ?

ከ30 እስከ 40 ሰው በቂ ነው። ሁለቱ ወላጆች፣ አያቶች፣ ለሽምግልና የሄዱት ሽማግሌዎች፣ የሁለቱም ወገን ሚዜዎች፣ የንስሐ አባት ወይም የቤተሰቡ ሼህ፣ እንዲሁም ከሩቅ የመጡ የቅርብ ዘመዶች ይጠሩ። ከዚህ ካለፈ እራቱ ሌላ ድግስ ይሆንና ለእሑዱ ዳስ የሚሆነውን ጉልበትም ገንዘብም ይበላል። ያልተጠራ ጎረቤት እንዳይቀየም ጥሪው በካርድ ሳይሆን በቃል፣ በሽማግሌው አንደበት ቢደረግ ይሻላል፤ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይታያል።

ወጪው የማን ነው?

በአሜሪካው ልማድ የሙሽራው ወላጆች ነው። እኛ ዘንድ የወንዱ ወገን በጥሎሹም በሌላውም ብዙ የሚያወጣ በመሆኑ ለሁለት መክፈል ፍትሐዊ ነው። አንዱ ወገን ምግቡን፣ ሌላው ቦታውንና መጠጡን ቢችል የገንዘብ ቆጠራ ሳይነሣ ነገሩ ያልቃል።

የት ይዘጋጅ?

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሆቴል ነው። እኔ ግን የማስቀድመው ሽምግልናውን የመሩትን አባት ቤት ነው። በልማዳችን ሙሽራው ከሠርጉ በፊት በአማቶቹ ቤት ማዕድ መቅረቡ ነውር የሚመስላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፤ የሙሽራዋም ወገን በሙሽራው ቤት መብላት ይከብደዋል። የሽማግሌው ቤት ግን የሁለቱም ነው። ቃሉ የታሰረው በእርሳቸው አፍ ስለሆነ በእርሳቸው ጣራ ሥር መቀመጥ ማንንም አያሳፍርም። ቤታቸው ከጠበበ ግቢው ውስጥ አነስተኛ ድንኳን ይጣል።

ድንኳን ሲጣል ብርዱን ማሰብ ግድ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ከባቲና ከኮምቦልቻ ቆላ የሚመጣ እንግዳ በስስ ሸሚዝ ነው የሚነሣው። በየወንበሩ መደገፊያ ላይ አንዳንድ ጋቢ አጥፎ ማስቀመጥ ለዓይንም ያምራል፣ እንግዳውንም ያሞቃል፤ ከየጎረቤቱ ተውሶ መሰብሰብ ስለሚቻል ወጪ የለውም። ከሰል የተያያዘበትን ምድጃ ግን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ለሕይወት አደገኛ በመሆኑ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ዳርቻ ውብ ቢሆንም ለምሳ እንጂ ለእራት አይመረጥም፤ ሠርግ በደረሰበት ሳምንት አዛውንትን በጨለማ መንገድ ማመላለስ አይገባም። በዚሁ ምክንያት የኮምቦልቻ እንግዶች የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጊዜ እንዲወርዱ እራቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቢጠናቀቅ መልካም ነው።

ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዶች አሉን፤ ምግቡን እንዴት እናዘጋጅ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የእራቱ ውበትም የሚለካው እዚህ ላይ ነው። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱንም ሃይማኖት ማግኘት የተለመደ ነው፤ አጎት ሼህ፣ የእህት ልጅ ዲያቆን ሊሆኑ ይችላሉ። በደሴ የሚገኘው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ማንንም ሳይለይ የሚያበላ ነው ለማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው አዳራሽ ባለበት አገር እንግዳ ሊበላ የማይችለውን ምግብ አቅርቦ «ተጫወቱ» ማለት ያሳፍራል።

የቆየው ዘዴ ቀላልና የታመነ ነው። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ በጉን ከነነፍሱ ለሚያምነው ሙስሊም ጎረቤት ያስረክባል፤ ጎረቤቱ በራሱ ግቢ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል፤ ባለቤቱ በራሷ ድስት ትሠራለች፤ ምግቡ ከነድስቱ፣ ከነጭልፋውና ከነሳህኑ ይመጣል። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ዶሮም እንደ በጉ ነው፤ የተለየ አራጅ ያስፈልገዋል። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቅቤውና አትክልቱ ግን የጋራ ነው።

ዘዴው ታውቆም ቢሆን የሚበላሸው በአስተናጋጅ እጅ ነው። በአንድ የቅርብ ዘመዴ የዋዜማ እራት ላይ ሁለቱም ወጦች በአግባቡ ተሠርተው፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ በተመሳሳይ ነጭ ሳህኖች፣ አምረው ቀርበው ነበር። አንድ አሳላፊ ልጅ የአንደኛው ድስት ጭልፋ ሲጠፋበት ከጎኑ ካለው አንሥቶ ጨለፈበት። ያየው ሰው ብዙ አልነበረም። የሙሽራዋ አጎት ግን አይተው ነበር፤ ምንም ሳይናገሩ ከድፎ ዳቦው ቆርሰው በሻይ በሉ፤ አጠገባቸው የነበሩ ሦስት አዛውንቶችም እንዲሁ አደረጉ። እኛ ነገሩን የተረዳነው ገበታው ሲነሣ ሳህኖቻቸው ንጹሕ ሆነው ስናገኝ ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱን ድስቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አላስቀምጥም፤ በሁለት ማዕዘን እንዲሆኑ አደርጋለሁ። የአንደኛው ወገን ሳህን ነጭ፣ የሌላው ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ይሆናል። በየጭልፋው እጀታ ላይ ባለ ቀለም ክር አስራለሁ፤ ለየድስቱ አንድ አሳላፊ ብቻ እመድባለሁ፤ እርሱም ከቦታው እንዳይነቃነቅ አደራ እለዋለሁ። እንግዶቹ ግን ተቀላቅለው ነው የሚቀመጡት። የሙስሊም ጠረጴዛና የክርስቲያን ጠረጴዛ ብሎ መለየት በትልቅ ዳስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለመተዋወቅ በተዘጋጀ እራት ላይ ግን ዓላማውን ያፈርሰዋል።

መካከሉ ላይ ሁሉም የሚቋደሰው ምግብ ማኖርም ይቻላል። ዓሣ ማረድ ስለማይጠይቅ ሐሙስ ማታ ለሁለቱም ወገን ይሆናል፤ የሐይቅን ዓሣ በዕለቱ አስመጥቶ ሥጋ ባልነካው ዘይት መጥበስና በሎሚና በሚጥሚጣ ማቅረብ ገበታውን ያደምቀዋል። ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮና ሰላጣ የስእለት ጾም ላለበትም ይሆናሉ።

መጠኑን በተመለከተ አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። 24 ለሚሆኑ እንግዶች በቁጥር ሁለት ዶሮ ያደርሳል ቢባልም ለአማት አንገትና ክንፍ አይቀርብምና አራት መያዝ ይሻላል። ፈረሰኛው ለማን እንደሚሰጥ ወጥ ሠሪዋ አስቀድማ ልታውቅ ይገባል፤ የሁለቱን ወገን አባቶች በዚህ ማበላለጥ ለዓመታት የሚወራ ቅሬታ ይተክላል።

መጠጡስ?

ጠጅና ጠላ ለሚጠጣ፣ ብርዝና ቀሪቦ ለማይጠጣ ይቅረብ። ብርዙ በፕላስቲክ ጆግ፣ ጠጁ በብርሌ ሲቀርብ የማይጠጣው እንግዳ ሁለተኛ ደረጃ የተሰጠው ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መልካም ዕቃ ይቀዱ፤ በአንድ ብርጭቆ ግን አይቀያየሩ። አልኮል በማዕድ ላይ መኖሩ ጨርሶ የሚከብዳቸው አባቶች ካሉ ለአንድ ምሽት መተው ይቻላል፤ የጠላው ቀን እሑድ ነው።

ማስዋቡን ለዲኮር ሠራተኛ እንስጥ ወይስ ራሳችን እናድርገው?

ለ40 ሰው ራስዎ ቢያደርጉት ያምራል። መሬቱ ላይ ትኩስ ቀጤማ ይጎዝጎዝ፤ መሶቦቹ ከነክዳናቸው በየጠረጴዛው መካከል ይቀመጡ፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለና ቢጫ ይሁን። ፊኛና ሰው ሠራሽ አበባ የዳሱ ድርሻ ነው፤ እዚህ ግን የሰውን ፊት ይጋርዳል። አንድ ጥግ ላይ ረከቦቱ፣ ጀበናውና የዕጣን ማጨሻው ተሰናድተው ቡና አፍዪዋ ከእንግዶቹ በፊት ቦታዋን ብትይዝ የገባ ሰው ሁሉ የተቆላ ቡና ሽታ ይቀበለዋል። መብራት ቢጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ከጎረቤት መዋስ አይዘንጋ፤ ድምፁ ጨዋታውን እንዳይረብሽ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ።

ሙዚቃ ይኑር?

ይኑር፤ ሞንታርቦ ግን አይግባ። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነውና አንድ ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫዋች በዝግታ ቢቃኝ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ነገር የለም። ሃይማኖተኛ አባቶች ባሉበት ተጫዋቹ ከእራቱ በፊት ብቻ እንዲጫወትና ለቡናው ጊዜ ዝም እንዲል፣ ከፈለጉም መንዙማ የሚያውቅ ሰው በድቤ እንዲያዜም ማድረግ ይቻላል።

ንግግር ማን ያድርግ? ስንት ሰው?

በአሜሪካው ልማድ ሚዜዎችና ወላጆች ብርጭቆ አንሥተው ይናገራሉ። እኛ ዘንድ የዚህን ቦታ ምርቃት ይሞላዋል፤ በወሎም ምርቃት ትልቅ ቦታ አለው። ቡናው አቦል ላይ ሲደርስ ሁለቱ አባቶች ዘመዶቻቸውን በስም ያስተዋውቁ፤ ቶናው ላይ ሚዜዎቹ በአጭሩ ይናገሩ፤ በረካው ላይ ምርቃቱ ይሁን። በዕድሜ የገፉት ይጀምራሉ፤ ካህኑም ሼሁም ካሉ ሁለቱም ይመርቃሉ። «ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃችሁ» ሲባል መዳፉን ዘርግቶ አሜን የማይል የለም። ምርቃት በሰዓት አይገደብም፤ ይልቁንስ የሚዜዎቹ ንግግር ከሦስት ደቂቃ እንዳያልፍ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ልምምዱ ራሱ ምን ይሆናል?

ተክሊልም ኒካሕም እንደ ተውኔት የሚለማመዱት ነገር አይደለም። ማወቅ የሚገባውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን የሚጋቡት ካባና አክሊሉ መቼ እንደሚደረግላቸው፣ ቀለበቱን ማን እንደሚይዝ ከንስሐ አባታቸው ይጠይቁ። በኒካሕ የሚጋቡት ወሊዩ (የሙሽራዋ ወኪል) እና ሁለቱ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ፣ መህሩም (ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው) ስንት እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ሚዜዎቹ ደግሞ ከምግቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው መጥተው የመኪናውን ቅደም ተከተል፣ መንገዱን፣ የሙሽራዋ ቤት ሴቶች በር ዘግተው በዘፈን ሲከራከሩ ማን እንደሚመልስና ከኪሱ ማን እንደሚያወጣ ይስማሙ። የእሑድ ጠዋት መዘግየት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥሎሹን በዚሁ እራት ላይ ብናቀርብስ?

አይመከርም። ጥሎሽ በሙሽራዋ ወላጆች ቤት፣ በሽማግሌ ፊት የሚገለጥ ነው። ወርቁና ልብሱ ለመተዋወቅ በተሰበሰበ ሰው መካከል ከተዘረጋ ጨዋታው ሁሉ ወደ ዋጋ ይዞራል።

ምን ይለበስ?

ቬሎና ካባ ለሠርጉ ቀን ይቆዩ። ሙሽራዋ ጥልፉ ቀለል ያለ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሙሽራው ሸሚዝና ኮት ቢለብሱ ይበቃል። የሁለቱ እናቶች ነጠላ አንድ ዓይነት ጥለት እንዲኖረው ማድረግም ይቻላል፤ በአንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው እናት ሁለቱንም ነጠላ ራሳቸው ፈትለው አሠርተው አንዱን በገበታው ፊት ለሙሽራዋ እናት ሲያለብሷቸው አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች እስከ መጨረሻው አንዳቸው ከሌላቸው አጠገብ አልተነሡም።

የተረፈውን ምግብ ምን እናድርገው?

እንግዳው ሳይሄድ ለየወገኑ ተለይቶ ይታሰር። በመጀመሪያ የሚላከው በሕመም ወይም በእርጅና መምጣት ላልቻለ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የአልጋ ቁራኛ የሆነች አያት ካለች ሙሽሮቹ ራሳቸው ይዘውላት ቢሄዱና በዚያው ቢመረቁ ይመረጣል። ቀጥሎ በጉን ያረዱት ጎረቤቶች ድርሻቸውን ይውሰዱ፤ ድስታቸውና ጭልፋቸውም በዚያው ሌሊት ታጥቦ ይመለስላቸው፤ ቅዳሜ ለዋናው ድግስ በድጋሚ ይፈለጋልና።